የልጅ ዓይንና የደም ካንሰር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ዶክተር፣ የ4 ዓመት ልጄ የዓይኑ ነጭ ላይ ደም ቋጥሯል። አልወደቀም፣ አልተመታም። የደም ካንሰር በዓይን ይታያል ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።»

እህቴ፣ ይረጋጉ። ይህ ምልክት ብቻውን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ኃይለኛ ሳል፣ ማስመለስ ወይም ዓይንን ማሸት ትንሿን የደም ሥር ይበጥሳል። በ2 ሳምንት ገደማ ራሱ ይጠፋል።

ሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በሽታው ደም የሚመረትበትን የአጥንት መቅኒ ስለሚወር ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ያንሳል፤ መድማቱም ዓይን ላይ ብቻ አይቆምም። ስለዚህ ልብሱን አውልቀው ሰውነቱን በደንብ ይዩት። ሳይመታ በልዟል? እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉበት? ድዱ ወይም አፍንጫው ይደማል? ገርጥቷል? ትኩሳት እየተመላለሰበት ነው? እግሬን እያለ ያነክሳል? አንዱም ቢኖር ነገ አይበሉ፤ ዛሬውኑ የተሟላ የደም ምርመራ ያሠሩለት። ምንም ባይኖር እንኳ ደሙ ከተደጋገመ ያስመርምሩት። ሉኬሚያ ሆኖ ቢገኝም ሕክምናውን በሙሉ ካገኙት ልጆች አብዛኞቹ ይድናሉ። ይህን ልብ ይበሉልኝ።

«የ7 ዓመት ልጄ አንድ ዓይኗ በድንገት ወደ ውስጥ ዞረ። ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል ትላለች። መነጽር ይበቃት ይሆን?»

ወንድሜ፣ መነጽር ከማሰብዎ በፊት ሐኪም ይያት። በዚህ ዕድሜ ድንገት የመጣ መሸዋረር ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ነርቭ መጎዳቱን ሊያሳይ ይችላል። መንስኤው ብዙ ነው። ሉኬሚያ ወደ አንጎልና አከርካሪ ፈሳሽ ሲዘልቅ አንዱ ነው፤ የአንጎል እጢም ሌላው። ራስ ምታትና የጠዋት ማስመለስ ካለባት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

የዓይን ሐኪሙ ብሌኗን በጠብታ ከፍቶ ሬቲናዋን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኗን የኋላ ክፍል፣ ይመለከታል። እዚያ የደም መፍሰስ ወይም የነርቭ እብጠት ሊያገኝ ይችላል። ልጆች አንዱ ዓይናቸው ቢደክም በሌላኛው ስለሚያዩ ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

«ፎቶ ሳነሳት አንዱ ብሌኗ ነጭ ሆኖ ያበራል።»

ይህ በተለምዶ የሉኬሚያ ምልክት አይደለም። ነገር ግን ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በዚሁ ሳምንት የዓይን ሐኪም ይያት።

«ልጄ ገርጥቷል፣ ዓይኑም አብጧል። ቤት ያለውን ፕሬድኒሶሎን ልስጠው?»

እባክዎ አይስጡት! ፕሬድኒሶሎን እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ የሉኬሚያ ሴሎችንም ስለሚገድል ልጁ ለጥቂት ቀናት የተሻለው ይመስላል። በሽታው ግን ይደበቃል፤ የመቅኒ ምርመራውም ሊያሳስት ይችላል። አስቀድመው ሰጥተውት ከሆነ የሰጡበትን ቀንና መጠኑን ለሐኪሙ ይንገሩ።