በጥቂት ኪሎ ሜትር 28 ዓመት

(ምስል፦ የከተማ ካርታ፣ ሁለት ነጥቦች)

ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው የምትባል ከተማ አለች። ካልተን በተባለው ሰፈሯ የሚወለድ ወንድ ልጅ በአማካይ 54 ዓመት ይኖራል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሌንዚ የሚወለደው ደግሞ 82 ዓመት። ይህን ቁጥር ለዓለም ያሰማው፣ በሰር ማይክል ማርሞት የተመራው የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ሪፖርት ነው። አገሩ አንድ ነው። ሐኪም ዘንድ ለመታየት በሁለቱም ቦታ አይከፈልም። ልዩነቱ ግን 28 ዓመት!

(ምስል፦ ጠባብ መኝታ ቤት)

ከየት መጣ? እስቲ አንድ ቤት እንግባ። ጥግ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ግድግዳው ጠቁሯል። ሻጋታ ነው። እናት በበረኪና ትፈትገዋለች፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይወጣል፤ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነዋ። ከሥሩ የሚተኛው ልጅ ሌሊት ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። መስኮት እንዳይከፈት፣ ውጭው የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ ጭሱ ይገባል። ልጁ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፣ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል። ከዚያስ? ወደዚያው ጥግ ይመለሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ቤቱን ግን ማንም አላከመውም። የሚያፈሰውን ቧንቧ የሚያስጠግነው አከራዩ ነው፣ ከባድ መኪናውን በሌላ መንገድ የሚያስኬደው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሐኪሙ የሁለቱም ሥልጣን የለውም።

ሕክምናውም ቢሆን እኩል አይደርስም። ዌልስ ውስጥ በማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 እንደጻፉት፣ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ይጠፋል፣ ብዙም በማያስፈልግበት ይትረፈረፋል። ጽፈው ብቻ አልተቀመጡም። የታመመ እስኪመጣ ሳይጠብቁ የመንደራቸውን ሰው የደም ግፊት ለኩ። ደም ግፊት እኮ ለዓመታት ሳያም የሚቆይ በሽታ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ምንም ሳያመው የዕለት ደመወዙን ትቶ ወረፋ አይይዝም።

(ምስል፦ በር የምታንኳኳ ሴት)

ብራዚል ይህን በአገር ደረጃ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የቤተሰብ ጤና ፕሮግራም፣ ከዚያው ሰፈር የተመለመሉ የጤና ሠራተኞች በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ቤት እንዲጎበኙ ይጠበቃል። የታመመ የሌለበትንም ቤት! ይህቺን ልብ በሉልኝ። ፕሮግራሙ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች የሕፃናት ሞት መቀነሱን ጥናቶች አሳይተዋል።

ጥግ ላይ ያለውን ሻጋታ ልታይ የምትችለው ይህች በር የምታንኳኳው ሴት ናት። ያየችውን የምትነግረው ሰው ግን ያስፈልጋታል። የጻፈችው ማስታወሻ ጤና ጣቢያ መዝገብ ውስጥ ከቀረ፣ የቤት ጥገና ክፍል ደርሶ ባለሙያ ካላስላከ፣ ልጁ ዛሬም ማታ አልጋው እዚያው ጥግ ነው።