ስኳሩ የወረደለት ልጅ ኢንሱሊን ለምን አያቆምም?

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከባቲ የመጣችሁ እናቶች፣ አባቶችና የጤና ባለሙያዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ አሳሳች ጊዜ ነው። ዓይነት አንድ ስኳር የያዘው ልጅ ኢንሱሊን ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስኳሩ ይወርዳል፣ የሚያስፈልገው መጠንም ይቀንሳል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን ከ10 ዩኒት ያነሰ ሊበቃው ይችላል። ቤተሰቡም «ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጃችን ዳነ» ይላል። ግን አልዳነም።

ምክንያቱን ለማየት ወደ ቆሽት እንግባ። ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሴሎች ናቸው፤ የሚገድሏቸው ደግሞ ከበሽታ ሊጠብቁን የተፈጠሩት ቲ ሴሎች። ቲ ሴሎች ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በተባለ ዕጢ ሲያድጉ፣ የገዛ አካላችንን ሊያጠቁ የሚችሉት አብዛኞቹ እዚያው ይወገዳሉ። አምልጠው የሚወጡትን እንደ ፍሬን ይዘው አደብ የሚያስይዙ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች አሉ። እነዚህን ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 አሳየ፤ በ2025ም ከሜሪ ብሩንኮና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፎክስፒ3 የተባለው ጂን የተበላሸባቸው ወንዶች ልጆች ተቆጣጣሪዎቹ በወጉ ስለማይሠሩላቸው፣ ብዙዎቹን ገና በጨቅላነታቸው ስኳር ይይዛቸዋል። የፍሬኑን ዋጋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አናውቅም።

በአብዛኞቹ ልጆቻችን ግን ተቆጣጣሪዎቹ አልጠፉም፤ አቅማቸው ደክሟል፣ አጥቂዎቹም አይሰሟቸውም። ኢንሱሊን በመርፌ ሲገባ የተረፉት ቤታ ሴሎች ፋታ አግኝተው ጥቂት ያመርታሉ። ስኳሩ የወረደው ለዚህ ነው፤ ጥቃቱ ግን ከሥር ቀጥሏል። ኢንሱሊን ፍሬን አይጠግንም። በ2022 አሜሪካ የፈቀደችው ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት እንኳ፣ ለ14 ቀናት በደም ሥር ተሰጥቶ፣ ምልክቱ ገና ባልወጣባቸው ሰዎች ላይ በሽታውን ሁለት ዓመት ያህል አዘገየ እንጂ አላስቀረውም።

ስለዚህ ጸበሉንም ዱዓውንም ቀጥሉ፤ ኢንሱሊኑን አታቋርጡ። መጠኑን ሐኪሙ የመለኪያውን ቁጥር አይቶ ይቀንስ። ካቆማችሁ ጥማት፣ ሽንት ማብዛት፣ ከዚያ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ጥልቅ ትንፋሽ ይመጣል። ባለሙያዎች ሆይ፣ በቆላው ይህ ወባ ሊመስላችሁ ይችላል፤ የወባ ምርመራ ስታደርጉ ከዚያው ጣት ስኳሩንም ለኩ።

ሌላም አለ። የተረፉት ሴሎች ስለሚያግዙ፣ በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን ጉዳቱ በዚህ ጊዜ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ባቲ ላይ ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ የሸክላ ዕቃ በትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መካከላቸውን አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ አርጥቡ፤ ብልቃጡን በደረቅ ክዳናም ዕቃ አድርጋችሁ ትንሹ ውስጥ ክተቱት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይቀመጥ። ፍሪጅ ያላችሁ በረዶ ቤቱ ውስጥ አታስገቡት፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ደመናማውን ኢንሱሊን ከመቅዳታችሁ በፊት በመዳፋችሁ መካከል ቀስ አድርጋችሁ አንከባሉት፤ ጓጉሎ ከቀረ ወይም ብልቃጡ ላይ ከተጣበቀ በሌላ ቀይሩት።