ተጣሞ የገጠመ ክርን እንዴት ይቃናል?

(ምስል፦ ጅማ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ የወጡ ልጆች)

ጅማ ላይ ማንጎ ባለበት ግቢ ሁሉ ልጅ ይወጣል። የወጣ ደግሞ ይወድቃል። ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ይመታል፤ ከክርን ከፍ ብሎ ያለው ስስ የአጥንት ክፍል ይሰበራል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ይህ ስብራት በጣም የተለመደ ነው።

አጥንቱ መግጠሙ አይቀርም፤ ችግሩ ተጣሞ ሲገጥም ነው። እስቲ ቆመው መዳፍዎን ወደ ፊት ያዙሩ። ክንድዎ ከክርን በታች ትንሽ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ ብዙ ሰው ላይ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ስብራቱ ተጣሞ ከገጠመ ግን ክንዱ ወደ ገላ ዞሮ ይቀራል።

«ልጅ አይደል፣ ሲያድግ ይቃናል» ይባላል። አይቃናም። የላይኛው ክንድ አጥንት 80 በመቶ ያህል የሚያድገው በትከሻ በኩል ነው። በክርን በኩል ያለው እድገት ትንሽ ስለሆነ የጎን ጥመትን አያስተካክልም።

ወጌሻስ? የገጠመን አጥንት ማሸት አያቃናውም። እንዲያውም አዲስ የተጎዳ ክርን ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅልና ክርኑ ሊደርቅ ይችላል። ታስሮ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ደግሞ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

(ምስል፦ የሁለት ክንድ ራጅ ጎን ለጎን)

ወደ ቀዶ ሕክምናው እንምጣ። ሐኪሙ ሁለቱንም ክንድ ራጅ ያስነሳል፤ መለኪያው ጤነኛው ክንድ ነው። ከዚያ ከክርን ከፍ ብሎ፣ በውጭ በኩል፣ ሽብልቅ የመሰለ ቁራጭ አጥንት ያወጣል። ክፍተቱ ሲዘጋ ክንዱ ይቃናል። በሽቦ ወይም በብረትና በብሎን ይታሰራል። ሽቦ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል።

ነርቭ ሊነካ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ጥመቱም ሊመለስ ይችላል። በውጭ በኩል ጉብ ያለ ነገር የሚቀርበትም አለ። ክርኑ የደረቀ ከሆነ ደግሞ ጥመቱን ማቃናት ብቻውን አያላላውም። ስለዚህ ስብራቱ በደንብ ድኖ ክርኑ መታጠፍና መዘርጋት እስኪለምድ ይጠበቃል።

ወደ ገላ የዞረ ክንድ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በመልኩ ነው፤ ቤተሰብ አስቦበት ሊወስን ይችላል። ወደ ውጭ የሚጣመመው ግን ሌላ ነው። በክርን ውጭኛ በኩል የተሰበረ አጥንት ሳይገጥም ሲቀር ክንዱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በውስጥ በኩል ያለው ነርቭም ይወጠራል። ከዓመታት በኋላ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ፣ የእጅ ጡንቻ ይሟሽሻል። ያኔ ነርቩን ከቦታው አንስቶ ወደ ፊት ማዛወርም ሊያስፈልግ ይችላል። የሟሸሸ ጡንቻ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ጅማና አካባቢዋ ላላችሁ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ሕክምና ክፍል አለው። ስትሄዱ የድሮውን ራጅ ፈልጋችሁ ያዙ። ጣቶቹ የሚደነዝዙ ከሆነ ሐኪሙ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ እሱን ንገሩት።