በየዕቃ ቤታችን ያለውን እንጻፈው

አባቶቼ ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ። እናቶች፣ ወንድም እህቶቼ እንዴት ዋላችሁ። ከቢቸናም ከደጀንም መንገዱን ችላችሁ እዚህ ማርቆስ ድረስ የመጣችሁ ደግሞ እንኳን በሰላም መጣችሁልን።

አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የቆምኩት። በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ በየቤታችን ቆጥ ላይ ያለውን የጥንት ዕቃ ፎቶ እናንሳው፣ እንለካው፣ እንጻፈው። ይሄው ነው ልመናዬ። ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ግን ላስረዳችሁ።

መቅደላን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1860 ዓ.ም አጼ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር እዛ አምባ ላይ የነበረውን ንዋየ ቅድሳት፣ ብራና፣ ዘውድ፣ መስቀል፣ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ፣ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ ነው የጫነው ይባላል፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ደግሞ ጨረታ አውጥተው እርስ በርስ ተሻሻጡት። ከጦሩ ጋር አብሮ የዘመተ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር፣ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል፣ ገንዘብ ይዞ ይገዛ የነበረ። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን፣ ነገሥታቱ ሲዘምቱ ከፊታቸው ያስይዙት የነበረውን የጌታን ሥዕል ለራሱ ያስቀረው እሱ ነው። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ፣ ለሕዝብ አይታይም፣ ግን አለ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅን? እነሱ ስለጻፉት እኮ ነው! ይሄ ብራና ቁጥሩ ይሄ ነው፣ ይሄ መስቀል ከዚህ መጣ ብለው መዝገብ ስለያዙ ነው። የኛን ዕቃ ዝርዝር የያዘው የወሰደው ሰው ነው። እኛ ጋ ግን ዛሬም ድረስ ስንቱ ደብር ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት አንድ ገበዝ ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ሲያርፉ ዝርዝሩም አብሮ ይቀበራል።

የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አቶ ሲራክ አስፋው የሚባሉ ሆላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ፣ በ1990 ዓ.ም ሮተርዳም ቤታቸው እንግዳ ጥሎት በሄደ ሻንጣ ውስጥ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ዘውድ ያገኛሉ። ደነገጡ፣ የተሰረቀ መሆኑ ገባቸው፣ ለእንግዳው አልመልስም አሉ፣ ለማንም ለማስረከብም ፈሩ፣ ምክንያቱም መልሶ ይጠፋል ብለው። 21 ዓመት ቤታቸው ደብቀው ጠበቁት! በመጨረሻ የጠፉ የጥበብ ሥራዎችን የሚከታተል አርተር ብራንድ የሚባል ሰው ጋ ሄደው በየካቲት 2012 ዓ.ም ዘውዱ አገሩ ገባ። እኚህ ሰው ለኔ ጀግና ናቸው። ነገር ግን ዘውዱ የጨለቆት መሆኑን ማስረዳት የተቻለው አንዱ ምክንያት ምንድን ነው፣ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ቄስ ደፍተውት የተነሱት ፎቶ ስለነበረ ነው። አንድ ፎቶ።

የላሊበላው አፍሮ አይገባም እንደዛው ነው። በ1989 ጠፋ፣ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅየማዊ እጅ ገባ፣ በ1993 ተመለሰ። ያን መስቀል ዓለም ያውቀዋል፣ መልኩ የታወቀ ዕቃ መደበቂያ የለውም። ሞና ሊዛም ቢሆን በፈረንጅ 1911 ከሉቭር ተሰርቃ ከሁለት ዓመት በላይ ጠፍታ፣ ሌባው ፍሎረንስ ላይ ሊሸጣት ሲሞክር ነው የተያዘው፣ እሷን የማያውቅ የሥዕል ነጋዴ ከየት ይመጣል።

እንዲያውም የጥንት ዕቃ መሆን እንኳ የለበትም። በፈረንጅ 1939 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ላይ አንዲት ልጅ የምታደርገው ቀይ የሚያብለጨልጭ ጫማ አለ፣ ለፊልም የተሰፋ፣ አስማት አለው ተብሎ የተተረከለት ጫማ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ከተረፉት አራት ጥንዶች አንዱ በ2005 በነሱ አቆጣጠር ከሙዚየም ተሰረቀ፣ በ2018 ኤፍቢአይ አገኘው። ከዛ ወዴት ወሰዱት፣ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም፣ እዛ ካለው ሌላው ጥንድ ጋር ክሩን፣ ጌጡን፣ ጉዳቱን ሳይቀር አስተያይተው ሲያዩት ለካ ግራና ቀኙ ከሙዚየሙ ጫማ ጋር ተቀያይሮ ኖሯል። ለፊልም ጫማ እንዲህ ከተደረገ ለመርጡለ ማርያም፣ ለዲማ፣ ለደብረ ወርቅ ንዋይ ምን ያህል ሊደረግ ነው? እቴጌ ዕሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም የድንጋይ ጥርቧ ብቻ እኮ አንድ ሰው ቆሞ ሲያየው ቢውል አይበቃውም።

አባቶቻችን ደግሞ አላወቁበትም እንዳትሉ። ብራናውን ገልብጡና መጨረሻውን አንብቡ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደሰጠው ይጽፉና «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ብለው ይዘጉታል። የሰረቀውን ብቻ አይደለም ያወገዙት፣ ያቺን ጽሑፍ የፋቀውንም ነው። ሌባ መጀመሪያ የሚያደርገው የባለቤቱን ስም መፋቅ እንደሆነ ያኔም ያውቁ ነበር።

ብራናን በሚመለከት የተሠራ ትልቅ ሥራ አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ8 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አንስቷል፣ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ አለ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ሲያነቡና ሲዘረዝሩ ኖረው ነው ያረፉት፣ ነፍሳቸውን ይማር። የጣና ደሴቶች መጻሕፍትም ከዛ በፊት ሐመርሽሚት በሚባል የውጭ ምሁር ተነስተዋል። ሌላው ዕቃ ግን ማን አነሳው? የቀለም ቀንዱ፣ ማኅደሩ፣ የቆሎ ተማሪው አኮፋዳ፣ ደበሎው? አኮፋዳ እኮ በፌስታል እየተተካ ነው፣ ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን ቅኔ የተማርንበትን ዕቃ አናስቀምጥም። የነገደ ወይጦዎች የደንገል ታንኳ ደግሞ ጭራሽ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ዕቃ አይደለም፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል፣ እንደገና ይሠራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ፎቶ ማንሳት አይበቃም፣ የሚሠራውን ሰው እጅ ከደንገል አጨዳው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ በቪዲዮ መቅረጽ ነው ያለብን፣ ሠሪው እያስረዳ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ዕቃውን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉት፣ በር አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ አታብሩ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን አንሱ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አኑሩ። ከዛ ዋናው ነገር ጠባሳው ነው፣ ስንጥቁን፣ የተጠገነበትን፣ የጎደለውን ጌጥ ቀረብ ብላችሁ አንሱ፣ መስቀል ከመስቀል ሊመሳሰል ይችላል፣ ጠባሳው ግን አይመሳሰልም። ከምን እንደተሠራ፣ ቁመት ወርዱን፣ ያለበትን ጽሑፍ ፊደል ሳታርሙ እንዳለ ገልብጡ፣ ማን እንደሰጠው ከሽማግሌ አፍ ጠይቃችሁ ጻፉ። ታቦት አይነካም አይነሳም፣ እሱ የካህናት ነው፣ ሌላውንም ቢሆን አለቃው ሳይፈቅዱ እንዳትጀምሩ።

ወጣቶች ደግሞ እናንተን አጥብቄ ልለምን፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉት፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም አትጣሉት! ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው። አንዱ ቅጂ ደብሩ ዘንድ፣ አንዱ ሀገረ ስብከት፣ አንዱ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይቀመጥ። አዋጅ 209/1992 ቅርስ ይመዘገባል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም ይላል፣ ሕጉ አለ፣ ግን የት እንዳለ ያልታወቀን ዕቃ ሕግ ምን ያደርግለታል። ዕቃ የጠፋ ዕለት ደግሞ ፎቶውንና ልኩን ይዞ ለፖሊስ፣ በፖሊስ በኩል ለኢንተርፖል ማሳወቅ ይቻላል፣ ኢንተርፖል ከ50 ሺህ በላይ የተሰረቁ ቅርሶች ያሉበት ዝርዝር አለው፣ ማንም ሰው በስልኩ በነጻ የሚፈልግበት አፕም አውጥቷል። ፎቶ ከሌለህ ግን ምን ብለህ ትገባለህ፣ «አሮጌ የነሐስ መስቀል ነበረን» ብትል ማን ይሰማሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ ለፎቶ ይመር ብላችሁ ነሐሱን በሎሚና በአሸዋ አትፈትጉት፣ ቅርጹን ይበላዋል። የድሮውን ሥዕልም በዘይት ቀለም አታስደርቡበት፣ ይሄን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

በዚህ መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው ቤቱን ጥሎ በሚወጣበት ጊዜ ይሄ ሥራ ነገ የሚባል አይደለም። ከየደብሩ ሦስት ሰው እፈልጋለሁ፣ ስልኩ ጥሩ ካሜራ ያለው፣ ጽሕፈቱ የሚነበብ፣ ግዕዝ የሚያነብ። ስትወጡ በሩ አጠገብ መዝገብ አለ፣ የደብራችሁን ስም ጻፉበት፣ አለቃውን አስፈቅዶ ቀድሞ የጻፈው ደብር ጋ ቅዳሜ ጠዋት እንጀምራለን፣ ሜትሩንና ነጩን ጨርቅ እኔ ይዤ እመጣለሁ።