«ይሄ የምን መድኃኒት ነው?»

እሺ... የቱሉ ዲምቱ ነፋስ ዛሬም አብሮን ነው፤ መቼም ለምዳችሁታል።

ያቺ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ልጅቷ የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናቷ፣ እማማ፣ መዳፍ ላይ ክኒን አስቀመጠች። እማማ ቀና ብለው፣ ጮክ ብለው፣ «ይሄ የምን መድኃኒት ነው?» ልጅቷ ስኒዎቹን አየች። ዝም አለች። ከዚያ «የግፊት ነው፣ እማዬ።» ዋጡት።

የኤችአይቪ ነው። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የጀመሩ ሰዎች አሁን እያረጁ ነው። ሰፈር ውስጥ ጤና ጣቢያ እያለ ራቅ ብለው የሚሄዱ፣ የብልቃጡን ወረቀት የሚልጡ፣ እንዳይንሿሿ ጥጥ የሚጎሰጉሱ። ምስጢሩን ያን ያህል ዘመን የጠበቁት እማማ ራሳቸው ናቸው፤ አሁን እሳቸው ረሱት። እውነቱን ይነገሩ ብንል ደግሞ በየቀኑ አዲስ መርዶ ነው።

አንዷ ክኒን ውስጥ ሦስት መድኃኒት፣ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300፣ ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም አለ፤ በቀን አንዴ። ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ዶሉቴግራቪር እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ድሮም ሲመሽ ይረበሻል። ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ክኒኗ ከሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ትዋጥ። ካልሲየምና አይረን ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው ይሄዳሉ፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ያው ሰዓቱ ይጠበቅ። ስኳር ካለ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ሐኪሙን አስታውሱት።

«ወስጃለሁ» ሲሉ አትከራከሯቸው፣ እባካችሁ። ብልቃጡ አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ፣ የቀረውን ክኒን ቁጠሩና ከቀኑ ጋር አስተያዩት። ጉንጫቸው ውስጥ ይዘውት እንዳይቀሩም ውኃ አስከትሉ። ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መደናገር «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ማጅራት ገትርም ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን ይታዩ።

እና ደግሞ... ልጅቷ ሥራ ስትሄድ ክኒኗን የምትሰጠው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ስለ ጨጓራ ማስታገሻው ማወቅ አለባት፣ እሱ ግልጽ ነው። ስለ ሌላውስ? ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? እማማ ልባቸው ሙሉ በነበረ ጊዜ «ሲደክሙ ማን ይወቅልዎ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ልጅቷ ልክ ሳትሆን አትቀርም፣ በጎረቤት ፊት ሌላ ምን ትበል... ግን ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑስ፣ ያኔም የግፊት ነው ትበላቸው? ወይስ...