«ሳይነሴ ተነሣብኝ» የምትሉት ራስ ምታት ማይግሬን ቢሆንስ?

[ምስል፦ ኮዬ ፈጬ፣ ሊነጋጋ ሲል። የታክሲ ሰልፍ ከኮንዶሚኒየሙ ጥግ ይጀምራል።]

እዚህ ሰፈር ቀኑ የሚጀምረው በሰልፍ ነው። ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደውን ታክሲ ይጠብቃል። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ከሰልፉ ፊት ለፊት ነው። በሩን ስንከፍት መጀመሪያ የሚገቡት «ቦታዬን ያዝልኝ» ብለው የሚሮጡ ናቸው። የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሁለት ፍሬ የራስ ምታት ስጠኝ፤ ሳይነሴ ተነሥቶብኛል።»

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ «ሳይነስ» ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነስ ስላልሆነ።

[ምስል፦ የፊት አጥንት ሥዕል፤ ግንባርና ጉንጭ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ይበራሉ።]

ሳይነስ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። ሲቆጣ ያማል፤ ግን ያን ጊዜ ወፍራም፣ ቀለም ያለው ንፍጥ ይመጣል፤ ማሽተት ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ያተኩሳል። በወር ሦስት ጊዜ መጥቶ በማግስቱ ብን ብሎ የሚጠፋ ሕመም የሳይነስ ጠባይ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት አለብን» ያሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረመረ፤ 88 በመቶዎቹ ምልክታቸው የማይግሬን ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ የሞኝነት አይደለም። ማይግሬን የሚያስነሣው ነርቭ ፊትንም፣ ዓይንንም፣ አፍንጫንም የሚያዳርሰው ነርቭ ነው፤ ስለዚህ በሕመሙ ጊዜ ዓይን ያነባል፣ አፍንጫ ይዘጋል። ማንም ቢሆን አፍንጫውን ይጠረጥራል።

ማይግሬን የራሱ መልክ አለው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወገን ይነሣል፤ እንደ ልብ ትርታ ይመታል፤ ደረጃ ሲወጡ ይብሳል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ሐኪሞች ማይግሬን ነው የሚሉት እንዲህ ያለው ሕመም ቢያንስ 5 ጊዜ ሲመላለስ ነው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ይበዛል። በዘርም ይወርዳል፤ «እናቴም ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ በጨለማ ትተኛ ነበር» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሕመሙ ሳይጀምር ዓይኑ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ብልጭልጭታ ያያል። ብልጭልጭታው ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ይህ ኦራ ይባላል። ቡዳም ምችም ሲባል ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 ብራዚላዊው ተመራማሪ አሪስቲዴስ ሌያኦ በጥንቸሎች አንጎል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጓዝ የነርቭ ማዕበል እንዳየ ጻፈ፤ ብልጭልጭታው ቀስ ብሎ የሚሰፋው በዚህ ዓይነት ማዕበል እንደሆነ ይታመናል። ኦራ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበትን የወሊድ መከላከያ እንክብል መውሰድ የለባትም፤ የስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር። ይህን ሳትጠየቁም ለፋርማሲስታችሁ ንገሩ። እኛ አንዳንዴ መጠየቅ እንረሳለን።

[ምስል፦ ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ባንክ ያደለው የቀን መቁጠሪያ።]

ወደ አንዲት ደንበኛዬ ልውሰዳችሁ። በአርባዎቹ መጨረሻ ያሉ፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያስረክቡ እናት ናቸው። ራስ ምታቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አለ። በሁለት ቀን አንዴ ይመጣሉ።

«እትዬ፣ ባለፈው ወር ስንት ቀን መድኃኒት ዋጡ?»

«እንጃ ልጄ፤ ማን ቆጥሮት!»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታንና ኤርጎታሚን የሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶች፣ ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ወይም ካፌይን የተቀላቀለባቸው ማስታገሻዎች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ሲወሰዱ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሰውየው ስላመመው ይውጣል፤ ስለዋጠም ያመዋል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የፓራሲታሞልና የኢቡፕሮፌን ቀን ግማሽ ወር፣ የሌሎቹ ደግሞ ሲሶ ወር መድረስ የለበትም። ስለዚህ መድኃኒቱን ሰጥቼ አንድ ሥራ አዘዝኳቸው፦ ላመመዎት ቀን ክብ፣ ለዋጡበት ቀን ጭረት፤ ከአጠገቡ የቀኑን ነገር በአንድ ቃል፤ እንቅልፍ፣ ጾም፣ ቡና፣ የወር አበባ።

የቡናን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በቀን ሦስቴ ቡና የለመደ ሰው ቡናው ሲቀርበት ብዙ ጊዜ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ራሱን ያመዋል። ይህ ሱሱ ነው፤ ግን ማይግሬን ላለበት ሰው ደጅ ይከፍታል። ባዶ ሆድም እንዲሁ። ሑዳዴ ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ረመዳን ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ መድኃኒት ቤታችን ይጨናነቃል። ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም፤ የታመመ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የንስሐ አባትም ኢማምም ይነግሩታል። እኔ የምለው ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ቡናውን ስኒ በስኒ ቀንሱት፣ በመብላት ሰዓት ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ፣ የእንቅልፍ ሰዓታችሁን አታዛቡ ነው። የዕጣን ጭስም፣ የናፍጣ ሽታም፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚያንጸባርቅ የቀትር ፀሐይም የሚያስነሣበት ሰው አለ። ሁሉንም መሸሽ አይቻልም። የራስን ሁለት ወይም ሦስት ማወቅ ግን ይቻላል፤ ክቦቹ ይናገራሉ።

[ምስል፦ የመድኃኒት መደርደሪያ፤ እጅ አንድ ሻጉራ ክኒን ያወጣል።]

መድኃኒቱስ? ሲጀምር መዋጥ ነው። «ትንሽ ልታገሥ» የሚለው ጀግንነት እዚህ አይሠራም፤ ማይግሬን ሲበረታ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፣ ዘግይቶ የተዋጠው ክኒንም እዚያው ይተኛል። ለአዋቂ 400 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌን ወይም 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል፣ ጋቢ፣ ዝምታ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰውና ነፍሰ ጡር ኢቡፕሮፌን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ይህ ካልበቃ ሐኪም ማቅለሽለሹን የሚያስታግስ ወይም እንደ ሱማትሪፕታን ያለ፣ ከትሪፕታኖች ወገን የሆነ መድኃኒት ያዝዛል።

በወር ከአራት ቀን በላይ የሚመላለስ ከሆነ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ አለ፤ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ከተለመዱት ናቸው። ፕሮፕራኖሎል ለአስም ታማሚ አይሆንም። አሚትሪፕቲሊንን ደግሞ ወረቀቱን አንብበው «እኔ አላበድኩም!» ብለው የመለሱልኝ አሉ። ለድብርትም ይታዘዛል፤ እውነት ነው። በትንሽ መጠን ማታ ማታ ሲወሰድ ግን ማይግሬንን ይከላከላል። ውጤቱን ለማየት ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈልጋል፤ በሳምንት ውስጥ «አልሠራም» ብሎ መጣል ብክነት ነው።

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ፤ ጽሑፍ ብቻ።]

ከዚህ በታች ላሉት ወደ እኔ አትምጡ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። እንደ መብረቅ በድንገት የወረደ፣ በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ራስ ምታት። ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ። እጅ እግር ያዛለ፣ ንግግር ያኮላተፈ፣ ዓይን የጋረደ። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረ። በእርግዝና የመጣ ከባድ ራስ ምታት። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረም ሳይውል ሳያድር ይታይ።

[ምስል፦ ያው የቀን መቁጠሪያ፤ ገጾቹ ይገለጣሉ።]

እኚያ እናት በወሩ የኅዳርን ገጽ ቀድደው አመጡ። ጭረቱ 19 ነበር። እርሳቸውም ደነገጡ፣ እኔም። ጤና ጣቢያ ሄደው ሐኪም አይቷቸው ማስታገሻውን አቆሙ፤ መከላከያም ተጀመረላቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ነበር፤ እንደሚብስ ቀድሜ ባልነግራቸው ኖሮ መልሰው ይውጡ ነበር። የሚያዝያን ገጽ ሲያመጡ ክቡ አራት ነው። አንደኛው በፋሲካ ቀን ላይ ነበር፤ ከአጠገቡ «እንቅልፍ» ተብሎ ተጽፏል። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመው ማደራቸውን ነገሩኝ።

«ይህችኛዋን አውቄ ነው የገባሁባት፤» አሉኝ። «ክኒኗን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር የሄድኩት።»