እናቴ ስንተኛ ናት?

ታሪኩ፦ ጤና ይስጥልን። ከሐዋሳ ነን፤ እንደተለመደው አቶቴ አካባቢ ካለችው ጠባብ ክፍላችን። የባጃጅ ድምፅ ከገባ ይቅርታ። መስኮቱን ብንዘጋው ደግሞ እኛ እንቀቀላለን።

ምሕረት፦ ዛሬ ተናድጄ ነው የመጣሁት።

ታሪኩ፦ መቼ ሳትናደጂ መጥተሽ ታውቂያለሽ?

ምሕረት፦ የምሬን ነው። ትናንት ማታ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጣውን የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት ከፍቼ ሳነብ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2025ቱን። አይስላንድ በ0.972 አንደኛ። ደቡብ ሱዳን በ0.388 መጨረሻ፣ 193ኛ። እኛ 180ኛ። ከዚያ በፊት በወጣው 176ኛ ነበርን። አራት ደረጃ ወረድን!

ታሪኩ፦ ነጥባችንስ?

ምሕረት፦ 0.497።

ታሪኩ፦ የበፊቱ?

ምሕረት፦ 0.492። ቆይ… ጨምሯል እኮ።

ታሪኩ፦ አየሽ። ነጥቡ ወጣ፣ ደረጃው ወረደ። አንቺ ስትሮጪ ሌላውም ቆሞ አያይሽም። ደሞ አዘጋጆቹ ራሳቸው የአንዱን ዓመት ሪፖርት ከሌላው ጋር አታወዳድሩ ይላሉ። አዲስ መረጃ በመጣ ቁጥር የድሮውም ቁጥር ይታረማላ። በአንድ ሪፖርት ውስጥ ወደ ኋላ ሄደሽ ነው ማየት ያለብሽ። እንደዚያ ስታዪው እ.ኤ.አ. በ2000 ከ0.3 በታች ነበርን።

ምሕረት፦ ንዴቴን ልትቀማኝ ነው?

ታሪኩ፦ ኧረ አይደለም። በትክክለኛው ነገር ተናደጂ ነው የምልሽ።

ምሕረት፦ በል እሺ፣ ለሚያዳምጠን ሰው መለኪያውን አስረዳ። እኔ ስጀምር እዘባርቃለሁ።

ታሪኩ፦ መለኪያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ማህቡብ ኡል ሀቅ የሚባል ፓኪስታናዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው ያመጣው። የአገርን ኑሮ በጂዲፒ፣ ማለትም በጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ብቻ መለካት አናዶት ነበር፤ ልክ እንዳንቺ። ጓደኛው አማርትያ ሴን ግን መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተዋጠለትም። የሰውን ሕይወት በአንድ ቁጥር መጠቅለል ይቻላል እንዴ ብሎ። ሀቅ ደግሞ ጂዲፒን የሚገዳደር አንድ ድፍን ቁጥር ካልሰጠናቸው ማንም ዞር ብሎ አያየንም ባይ ነበር።

ምሕረት፦ ልክ ነበር። እኔም ዞሬ ያየሁት ቁጥሩን ነው።

ታሪኩ፦ ሦስት ነገር ነው የሚለካው። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ገቢ። እነሱን ደምሮ ለሦስት አያካፍልም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ አባዝቶ ኩብ ሩታቸውን ይወስዳል። ሦስት ጉልቻ በይው። አንዱ ካጠረ ድስቱ ይዘማል፤ የሁለቱ ቁመት ብቻውን አያድነውም።

ምሕረት፦ የእኛ አጭሩ ጉልቻ የቱ ነው?

ታሪኩ፦ ገቢ ነው ትይ ይሆናል።

ምሕረት፦ ሌላ ምን ልል ነው!

ታሪኩ፦ አይደለም። ወረቀት ይዤ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። በዕድሜ አማካዩ 67 ዓመት ገደማ ደርሷል፤ ወደ ነጥብ ሲቀየር ከ0.7 በላይ ነው። ገቢው 0.5 አካባቢ። ትምህርቱ 0.33 ገደማ።

ምሕረት፦ ትምህርት? በየቀበሌው ትምህርት ቤት ተከፍቶ? ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ሞልቶ?

ታሪኩ፦ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ትምህርቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዛሬ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ስንት ዓመት ይማራል ተብሎ ይጠበቃል የሚለው ነው። 9 ዓመት ገደማ። ክፉ አይደለም። ሁለተኛው ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በአማካይ ስንት ዓመት ተምረዋል ነው የሚለው። እሱ 2.4 ነው።

ምሕረት፦ ሁለት ነጥብ አራት።

ታሪኩ፦ ሁለተኛን አጠናቆ ሦስተኛ ላይ ያቋረጠ ሰው ማለት ነው። በ2022 መረጃ ኬንያ 7.7 ነበረች። ጀርመን ከ14 ያልፋል።

ምሕረት፦ ታዲያ ይሄ እናቴ ናታ።

ታሪኩ፦ እንዴት?

ምሕረት፦ እናቴ ከይርጋለም ወጣ ብሎ ነው የምትኖረው። በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ስሟን ትጽፋለች። የእቁብ ሰብሳቢ ናት። ማን ጣለ፣ ማን አልጣለም፣ ማን የማንን ዕጣ ገዛ፣ ሁሉንም በቃሏ ነው የምትይዘው። እዚያ ሠንጠረዥ ላይ ግን ዜሮ ናት። መደበኛ ክፍል አልገባችማ። የእኔ 16 ዓመት ከእሷ ዜሮ ጋር ሲደመር ስምንት፣ ስምንት ይደርሰናል። ያልተማሩት አክስቶቼ ሲጨመሩማ እኔም እጠፋለሁ።

ታሪኩ፦ አሁን ገባሽ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በእኛ 2.4 ቦታ የኬንያን 7.7 ከተትኩት። ሌላውን ምንም አልነካሁም። ነጥባችን ወደ 0.57 ወጣ። «ዝቅተኛ» የሚባለው ምድብ ከ0.550 በታች ነው። በአንድ ቁጥር ብቻ ከምድቡ ወጣን።

ምሕረት፦ ግን ያንን ቁጥር ዛሬ ማንም ሊቀይረው አይችልም። እናቴን አሁን አንደኛ ክፍል አታስገባት።

ታሪኩ፦ አዎ፣ ከኋላ የሚመጣ ቁጥር ነው። ዛሬ ሰባት ዓመቱ የሆነ ልጅ እዚያ አማካይ ውስጥ የሚገባው 25 ሲሞላው ነው። ትምህርት ቤት ያልነበረበት ዘመን ገና አሁን ነው ደረሰኝ የሚልክልን።

ምሕረት፦ ስለ ዕድሜው ግን አንድ ነገር እንበል። እሱን ቶሎ ዘለልከው።

ታሪኩ፦ ያዢው።

ምሕረት፦ እናቴ ሰባት ወልዳ አምስት አሳደገች። እኛ ሰፈር ይሄ ወሬ አልነበረም። እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከስድስት አንዱ! በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆነ። ከአሥራ አምስት አንዱ። አሁንም ብዙ ነው። ግን ታላቅ እህቴ አራት ወለደች፣ አራቱም አሉ።

ታሪኩ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ…

ምሕረት፦ በደንብ! ከ2003 ጀምሮ፣ በእኛ 1995 እና 96 ማለት ነው፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። ክትባት፣ ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ እርግዝና ክትትል። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ይቺ ልጅ ስለ ሽንት ቤት ብቻ ነው የምታወራው» ብላ ትስቅባት ነበር። አሁን ቡና ሲፈላ ሳትጠራት አትቀርም።

ታሪኩ፦ ሽንት ቤት ካነሳሽ አይቀር ሌላ መለኪያ አለ። የዘርፈ ብዙ ድህነት የሚሉት። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የልማት ፕሮግራሙ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው። ይሄኛው ቤትሽ ድረስ ይገባል። አሥር ጥያቄ አለው። ወለልሽ አፈር ነው? የምታበስዪው በእንጨት፣ በኩበት ወይም በከሰል ነው? ውኃ ለመቅዳት ደርሶ መልሱ ከሠላሳ ደቂቃ ይበልጣል? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው?

ምሕረት፦ የጋራ ከሆነም ይቆጠራል?

ታሪኩ፦ ይቆጠራል። ንጹሕ ቢሆንም።

ምሕረት፦ እንግዲህ ሐዋሳ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ሁሉ አንድ ነጥብ ጣለ።

ታሪኩ፦ የንብረቱን ዝርዝር ደሞ ስሚ። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ፍሪጅ፣ ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክል። እና በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ! ከእነዚህ ከአንድ በላይ ከሌለሽ፣ መኪናም ከሌለሽ፣ ጎደለሽ ይባላል።

ምሕረት፦ ባጃጅስ?

ታሪኩ፦ ባጃጅ የሚል አላየሁም። ሐዋሳን ያላየ ሰው ነው የጻፈው።

ምሕረት፦ (ሳቅ) ቆይ ቆይ፣ እናቴን እናስገባት። በእንጨት ታበስላለች፣ አንድ። ወለሉ አፈር ነው፣ ሁለት። ሽንት ቤቱን ከአጎቴ ቤት ጋር ነው የሚጠቀሙት፣ ሦስት። ደሃ ናት?

ታሪኩ፦ አይደለችም። እያንዳንዳቸው አንድ አሥራ ስምንተኛ ናቸው። ሦስቱ ሲደመሩ አንድ ስድስተኛ። ደሃ ለመባል አንድ ሦስተኛ መድረስ አለበት። ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት የተማረ ሰው አለ?

ምሕረት፦ እኔ ነበርኩ። ሐዋሳ ገባሁ። ወንድሞቼም ወጥተዋል።

ታሪኩ፦ አሁን ቤት ውስጥ ማለቴ ነው።

ምሕረት፦ አባቴና እናቴ ብቻ። ሁለቱም አልተማሩም።

ታሪኩ፦ የትምህርቱ ጥያቄ ብቻውን አንድ ስድስተኛ ነው። ተደምሮ ልክ አንድ ሦስተኛ ሞላ።

ምሕረት፦ ማለት… እኔ እዚያ ሳለሁ ደሃ አልነበረችም፤ ተምሬ ሥራ ይዤ ስወጣ ደሃ ሆነች? ብር እየላክሁላት?

ታሪኩ፦ በመለኪያው እንደዚያ ነው።

ምሕረት፦ ለእሷ አልነግራትም። «ተመለሺ» ትለኛለች።

ታሪኩ፦ መለኪያው ሞኝ ነው ግን አትበይ። እንደ አገር ሲታይ ከአሥር ሰው ሰባቱ ገደማ እዚያ ውስጥ ነው፣ በ2019 መረጃ። ያንን ሁሉ ሰው የከተተው የአንቺ ከቤት መውጣት አይደለም።

ምሕረት፦ አላልኩም። ገቢውን እንምጣበት። በሪፖርቱ የነፍስ ወከፍ ገቢያችን በዓመት ወደ 2,800 ዶላር ነው። ይሄን የሰማ ሁሉ «የእኔን ማን ወሰደው?» ነው የሚለው።

ታሪኩ፦ ባንክ ሄደሽ የምትመነዝሪው ዶላር አይደለም። በመግዛት አቅም የተስተካከለ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ 100 አለፈ። ደሞዝሽ በብር ያው ነው። በዶላር ሲቆጠር ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሽሮ በዚያው ልክ ረከሰ?

ምሕረት፦ ሽሮ? እንኳን ሊረክስ።

ታሪኩ፦ ስለዚህ እዚህ በብር ምን ይገዛል ብለው ያስተካክሉታል።

ምሕረት፦ ግን አማካይ ነው። ከዚህ ባጃጅ ይዘህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት ከተማው በተስፋ ሰክሮ ነበር። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ፓርኩ ጽፈው ነበር። የጀማሪ ደሞዝ በወር 26 ዶላር። ባንግላዴሽ ያኔ 95 ነበረች። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ለአራት አንድ ክፍል ይከራያሉ። ፈረቃ የወጣችው ስትተኛ ፈረቃ የምትገባው ፍራሹን ትለቅላታለች። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ አስወጣች፤ ዕቃን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ መላኩ ቀረ። የእነዚያ ልጆች ኑሮ 2,800 ውስጥ የት ጋ ነው ያለው?

ታሪኩ፦ የለም። አማካይ ይውጠዋል። ጦርነት ያለፈበት ወረዳም እንደዚያው ነው፤ አንድ አገራዊ ቁጥር ውስጥ ይቀበራል። ቆጠራ እንኳ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አላደረግንም። የነፍስ ወከፍ ስንል ነፍሱን ራሱ በግምት ነው የምናካፍለው።

ምሕረት፦ አሁን አንተም ተናደድክ።

ታሪኩ፦ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «እኛ ደሃ ብንሆንም ደስተኛ ነን፣ እድር አለን፣ መተሳሰብ አለን» የሚለው ወሬ።

ምሕረት፦ እድርን አትንካ።

ታሪኩ፦ እድር ድንኳንና ወንበር ያመጣል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ሳትሞቺ በፊት ለሐኪም ይከፍላል?

ምሕረት፦ አንዳንዱ ጀምሯል።

ታሪኩ፦ ይጀምር፣ ደስ ይለኛል። ግን እድር ስላለን ሆስፒታል ይቅርብን ማለት አይደለም። የደስታ ሪፖርት የሚባለውን እዪው፤ ከ2018 እስከ 2025 ስምንት ጊዜ ተከታትላ አንደኛ የወጣችው ፊንላንድ ናት። ሆስፒታልም አላት።

ምሕረት፦ ለዚያ ሪፖርት ሰው የሚጠየቀውን የመሰላል ጥያቄ እናቴን ጠይቄያት ነበር።

ታሪኩ፦ የምርሽን?

ምሕረት፦ ከዜሮ እስከ አሥር መሰላል አስቢ አልኳት። አሥር ላይ ለአንቺ ከሁሉ የተሻለ የምትዪው ሕይወት አለ፣ ዜሮ ላይ ከሁሉ የባሰው። አሁን የቱ ላይ ነሽ? «የተሻለው ለእኔ ነው ለእናንተ?» አለችኝ። ለአንቺ አልኳት። «እንደሱ ከሆነ አምስት።» በማግስቱ ጠዋት ራሷ ደወለች። «ስድስት አድርጊው፤ ሌሊት ዘነበ። እንሰቱም ቡናውም ጠጣ።»

ታሪኩ፦ (ሳቅ) አንድ ሙሉ ነጥብ! ዛሬስ ስንት አለች?

ምሕረት፦ ዛሬ አላገኘኋትም። መብራት ከጠፋባቸው ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ስልኳ ዘግቷል።